የአየር መንገድ ቁጥጥር አማራጮች ከጅማ ሲታዩ

ስለ አየር መንገድ ቁጥጥር ክርክር ሲነሳ ወሬው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ገበያው ይከፈትና ዋጋው ይውረድ» ይላል፤ ሌላው «አፍሪካ የምትኮራበትን አየር መንገድ አትንኩብን» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የሚያዩት ቦሌን ነው። ከጅማ ለሚያይ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደረስባት ከተማ በየትኛው ሕግ ሥር ብትሆን ነው በረራዋ ሳይቋረጥ፣ ዋጋው ከአቅም ሳያልፍ፣ ደኅንነቱም ሳይጓደል የሚዘልቀው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚሳፈረውን ሰው ተመልከቱ። የቡና ናሙና በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ለቅምሻ የሚያደርስ ነጋዴ አለ። ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለተጨማሪ ሕክምና የተላከ ሕመምተኛና ክንዱን የያዘው አስታማሚ አሉ። ለአንድ ስብሰባ ሄዶ ቶሎ ወደ ክፍሉ መመለስ ያለበት መምህር አለ። ለእነዚህ ሰዎች ሌላው አማራጭ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ በወልቂጤና በወሊሶ የሚያልፈው የአስፋልት መንገድ ነው። ጤነኛና ጊዜ ያለው ሰው ይችለዋል፤ የአጥንት ስብራት ያለበት ሰው ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ ይቆጥራታል።

ይህን ንጽጽር የማቀርበው በንግድ ምክር ቤት ስብሰባ፣ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ወይም በከተማ ምክር ቤት ወንበር ላይ ሆነው አንድ ቀን «እናንተስ የትኛውን ትደግፋላችሁ?» ተብለው ለሚጠየቁ ሰዎች ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት በሮች እንጂ አንድ በር የለም

ብዙ ክርክር የሚበላሸው የሀገር ውስጥ በረራና ዓለም አቀፍ በረራ በአንድ ከረጢት ስለሚከተቱ ነው። «የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ቢፈቀድላቸው ጅማም ይመጡ ነበር» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

መሠረቱ በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። አንቀጽ 1 እያንዳንዱ ሀገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 6 መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራ ያለ ፈቃድ እንደማይደረግ ይናገራል። አንቀጽ 7 ደግሞ አንድ ሀገር በግዛቱ ውስጥ ከከተማ ከተማ ሰውና ጭነት ማመላለስን ለውጭ አየር መንገዶች የመከልከል መብት እንዳለው ያስቀምጣል። አብዛኞቹ ሀገሮች በዚህ መብት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ ቦሌ ያረፈ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ጅማ ትኬት መሸጥ አይችልም፤ ይህም የእኛ ብቻ ሳይሆን ዓለም የሚሠራበት ልማድ ነው።

የውጭው በር የሚከፈተው በሁለት ሀገሮች መካከል በሚፈረም የአየር አገልግሎት ስምምነት ነው። ስምምነቱ የትኛው አየር መንገድ፣ ወደ የትኛው ከተማ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር ይወስናል። የጠበቀ ስምምነት በሳምንት የሚደረገውን በረራ በቁጥር ይገድባል፤ የላላው ገደቡን ያነሳል። ከሁሉ የሚያከራክረው አምስተኛው የበረራ ነፃነት የሚባለው ነው። ይህም አንድ አየር መንገድ ከሀገሩ ተነስቶ በሚያልፍባቸው ሁለት የውጭ ሀገሮች መካከል ሰው ጭኖ ገንዘብ የመቀበል መብት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ቦነስ አይረስ ትኬት የሚሸጠው በዚህ መብት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ውስጥ በሌላው ሰማይ መከፈት እጅግ የተጠቀመው የእኛው ነው።

አህጉሩም በ1999 የአፍሪካ ሀገሮች ሰማያቸውን ለአፍሪካ አየር መንገዶች እንዲከፍቱ የሚለውን የያሙሱክሮን ውሳኔ አሳልፏል፤ በጥር 2018 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወቅት አንድ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ተመሥርቷል። ሲጀመር 23 ሀገሮች ገብተውበታል። ይሁንና ይህም ስለ ሀገር ውስጥ መስመር አያወራም። ለጅማ መፍትሔው ከውጭው በር ይመጣል ብሎ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

አንድ የመንግሥት አየር መንገድ ብቻ

የመጀመሪያው አማራጭ የምናውቀው ነው። በ1996 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 37 ከ20 መቀመጫ በላይ ወይም ከ2,700 ኪሎ ግራም በላይ የመጫን አቅም ባለው አውሮፕላን የሚሰጥን አገልግሎት ለመንግሥት ከለለው። ጣሪያው በኋላ ወደ 50 መቀመጫ ከፍ አለ፤ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 769ም ከ50 በላይ ያለውን ለመንግሥት አቆየው።

የዚህ መንገድ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። አንድ ትልቅ ድርጅት የራሱ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ፣ የራሱ የጥገና ማዕከል ይኖረዋል። ከዓለም አቀፍ መስመር የሚያገኘው ገቢ ተሳፋሪ የሚያንስባቸውን የሀገር ውስጥ መስመሮች ጉድለት ሊሸፍን ይችላል። ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሌሎችም የበረራ መስመር ያገኙት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በገበያው ዓይን ብቻ ቢታዩ ኖሮ ከመካከላቸው ስንቱ ዛሬ በበረራ ሰሌዳ ላይ ይገኝ እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው። ወደ ትንሽ ከተማ የሚደረገው በረራ በድርጅቱ በጎ ፈቃድና በመንግሥት ቃል ላይ የቆመ እንጂ በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ በማይበልጥ ዋጋ በሚል በይፋ በታተመ ግዴታ ላይ የቆመ አይደለም። አውሮፕላን ሲያጥር ወይም ዓለም አቀፉ መስመር ተጨማሪ በረራ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው የቱ እንደሆነ ለመገመት የአቪዬሽን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ያን ጊዜ የጅማ ሰው «ውሉ እንዲህ ይላል» ብሎ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም። ሊያደርግ የሚችለው አቤት ማለት ብቻ ነው።

ትንሽ አውሮፕላን ለሀገር ውስጥ ባለሀብት

የ20 እና የ50 መቀመጫ ጣሪያ በወረቀት ላይ ለግል ባለሀብት በር የከፈተ ይመስላል። የቻርተር፣ ማለትም በኪራይ የሚበሩ ድርጅቶች ተፈጥረውበታል፤ ለእርዳታ ሥራ፣ ለማዕድን ፍለጋ፣ ለሕሙማን ማመላለሻ ጠቅመዋል። መደበኛ መስመር ላይ ግን ሒሳቡ እምቢ ይላል።

ለምን እንደሆነ በቅርብ እንየው። በሀገር ውስጥ መስመር በብዛት የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው። ባለ 50 መቀመጫው አውሮፕላንም ሆነ ይህ ሁለት አብራሪ ይፈልጋሉ። የማረፊያ ክፍያው፣ የመንገደኛ ማስተናገጃው፣ የመለዋወጫ መጋዘኑ፣ የጥገና ባለሙያው ደመወዝ በመቀመጫ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ወጪው ለ50 ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ለ70 ሰው ሲከፋፈል ከሚሆነው ይበልጣል። ነዳጅ፣ የአውሮፕላን ኪራይና መለዋወጫ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ናቸው፤ ዓለም አቀፍ መስመር የሌለው ድርጅት ትኬቱን የሚሸጠው በብር ነው። ውድ መቀመጫ ይዞ፣ ዶላር ሳያገኝ፣ ትልቅ አውሮፕላን ካለው ጋር በአንድ መስመር ላይ ይወዳደር ማለት ገና ሳይጀምር እንዲሸነፍ መፍረድ ነው። ይህን አማራጭ ብቻውን የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ አትቀበሉት።

የውጭ ሸሪክ፣ እስከ 49 በመቶ

በ2020 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ነገሩን ቀይሮታል። የሀገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ባለሀብት ጋር በሽርክና የሚገባበት ዘርፍ ሆነ፤ የውጪው ድርሻ ከ49 በመቶ አይበልጥም። ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ግን ከመንግሥት ጋር በጋራ ብቻ የሚሠራበት ሆኖ ቀረ።

ቁጥሩ 49 የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። የሁለትዮሽ ስምምነቶች አብዛኛውን ጊዜ «አየር መንገዱ በዋናነት በሀገሩ ዜጎች የተያዘና የሚመራ ይሁን» የሚል አንቀጽ አላቸው። ግማሹ በውጭ ሰው እጅ ከገባ ሌላው ሀገር «ይህ የእናንተ አይደለም» ብሎ የመብረር ፈቃዱን ሊነሳው ይችላል። ሕንድም በ2012 ለውጭ አየር መንገዶች ያስቀመጠችው ጣሪያ ያው 49 በመቶ ነበር።

በዚህ ጉዳይ እኛ ሁለት ዓይን አለን፤ በሌላው ሀገር የውጭ ሸሪክ የሆነው የእኛው አየር መንገድ ነውና። የማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ የእርሱ ነው። የማላዊው የተቋቋመው አሮጌው ብሔራዊ አየር መንገድ ከከሰረ በኋላ ነው። ሸሪኩ አውሮፕላን፣ ሥልጠናና የትኬት መረብ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በምላሹም መስመሮቹ ወደ ሸሪኩ ዋና ማዕከል እንዲያዘነብሉ ይፈልጋል። ለናይጄሪያ ሊቋቋም በታሰበው ብሔራዊ አየር መንገድም በ2022 የእኛው ቡድን ለ49 በመቶ ድርሻ ተመርጦ ነበር፤ የናይጄሪያ የግል አየር መንገዶች ፍርድ ቤት ሄደው አሳገዱት፣ ቀጥሎ የመጣው መንግሥትም ዕቅዱን አቆመው። የእነርሱ ቅሬታ ዛሬ እኛ ስለ ውጭ አየር መንገዶች ከምንናገረው ጋር ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ይመሳሰላል። በሌላው ቤት የምንጠይቀውን በራሳችን ቤት ስንጠየቅ እንዴት እንመልሳለን? ይህ ጥያቄ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ይነሳል፤ መልስ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

የኬንያ ነገርም አለ። የኬንያ አየር መንገድ በ1996 ወደ ግል ሲዞር የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም 26 በመቶ ገዛ። ለተወሰኑ ዓመታት የአህጉሩ ምሳሌ ሆነ። ከዚያ በዕዳ ተዘፈቀ፤ በ2017 ዕዳው ወደ አክሲዮን ሲቀየር የመንግሥት ድርሻ ወደ 48.9 በመቶ ወጣ። ሸሪክ መኖሩ ዋስትና አይሆንም፤ መጨረሻ ላይ ዕዳው የሚወድቀው በግብር ከፋዩ ጫንቃ ላይ ነው።

በሩን ለሀገር ውስጥ የግል አየር መንገዶች ወለል አድርጎ መክፈት

ከሁሉ ብዙ ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ናይጄሪያ ከፍታለች። የመንግሥቱ አየር መንገድ በ2003 ሥራ አቆመ፤ የግሎቹ በዙ። በሌጎስና በአቡጃ መካከል የበረራ ምርጫ ተትረፈረፈ። ግን በ2005 ሁለት፣ በ2006 ደግሞ ሌላ ብዙ ሰው የጨረሰ የመንገደኛ አውሮፕላን አደጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሀገሪቱ አዲስ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ አውጥታ ተቆጣጣሪውን ያጠናከረችው፣ አየር መንገዶች እንዲይዙ የሚጠየቀውን የካፒታል መጠንም ከፍ ያደረገችው። ኢንዶኔዥያም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች፤ አየር መንገዶቿ በበዙበት ዘመን ቁጥጥሩ አብሮ ስላላደገ የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ሁሉንም ከሰማዩ አገደ። እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! እኛ ዓለም የሚያምነው የደኅንነት ስም ይዘን ሳለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱን ሳናጠናክር በሩን ብንበረግደው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብናል።

ሕንድ የከፈተችው በጥንቃቄ ነበር። ከ1953 ጀምሮ ለመንግሥት የተከለለውን ገበያ በ1994 ከፈተች። ያን ጊዜ አንድ ብልህ ሕግ አብራ አወጣች፦ በትላልቆቹ ከተሞች መካከል የሚበር ማንኛውም አየር መንገድ ከአቅሙ የተወሰነውን ክፍል ወደ ሩቅና አስቸጋሪ አካባቢዎች የማብረር ግዴታ አለበት። ሌላም ሕግ ነበራት፤ አምስት ዓመት ያልሠራና 20 አውሮፕላን የሌለው ወደ ውጭ አይበርም የሚል። የአምስት ዓመቱ ቅድመ ሁኔታ በ2016 ተሰርዟል። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር እንኳ ሁለት ታላላቅ የግል አየር መንገዶች፣ ኪንግፊሸር በ2012፣ ጄት ኤርዌይስ በ2019 ሥራ አቁመዋል። ትኬት የያዘው መንገደኛ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ከዚያም ኡዳን የተባለው ፕሮግራም መጣ፤ የመጀመሪያው በረራ በሚያዝያ 2017 በሺምላና በዴልሂ መካከል ተደረገ። አሠራሩን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጅማን ለመሰለ ከተማ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። አየር መንገዶች ለአንድ መስመር ይጫረታሉ፤ ትንሹን ድጎማ የጠየቀ ያሸንፋል። ያሸነፈው ከመቀመጫዎቹ ግማሹን በተገደበ ዋጋ ይሸጣል፤ አንድ ሰዓት ለሚሆን በረራ ሲጀመር ጣሪያው 2,500 ሩፒ ነበር። በምላሹ ለሦስት ዓመት በመስመሩ ላይ ብቻውን ይሠራል፣ ድጎማም ይቀበላል። ገንዘቡ በዋናነት የሚገኘው በትላልቅ መስመሮች ላይ ከሚጣል ክፍያ ነው፤ የክልል መንግሥትም ድርሻ ያዋጣል።

ውጤቱስ? የሕንድ ዋና ኦዲተር በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከተሰጡት 774 መስመሮች ውስጥ 403ቱ ጨርሶ እንዳልተጀመሩ ገለጸ። ከተጀመሩት 371 ውስጥ ሦስቱን ዓመት የጨረሱት 112 ብቻ ናቸው። ከዚያም በኋላ የቀጠሉት 54 ነበሩ። ይህን ቁጥር ሳነብ አዝኛለሁ፤ ሐሳቡ መልካም ነበርና። ግን ሐሳቡን ለመጣል ምክንያት አይሆነኝም። ብዙዎቹ መስመሮች ያልተጀመሩት ማረፊያው ዝግጁ ስላልነበረ ነው፤ ሌሎቹም ድጎማው ሲያበቃ ራሳቸውን መቻል ያልቻሉ ናቸው። ጅማ የተሠራ ማረፊያና ለዓመታት የተለመደ ተሳፋሪ አላት። እንግዲህ ከሕንድ መማር ያለብን መስመርን በጨረታ መስጠት መቻሉን፣ ደግሞም ሦስት ዓመት አጭር መሆኑን ነው።

የዋጋ ጣሪያ

በአጭሩ ልለፈው። ያለ ድጎማ የሚጣል የዋጋ ጣሪያ መስመሩን ቀስ ብሎ ይገድለዋል። የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ አየር መንገዱ ዋጋ መጨመር ስለማይችል በረራ ይቀንሳል። መንገደኛው ርካሽ ትኬት በሕግ ይኖረዋል፤ መቀመጫ ግን አያገኝም።

ዳኛውና ተጫዋቹ

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ቀድሞ መስተካከል ያለበት አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ ነው። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ዛሬ የመንግሥት ድርጅቶችን በሚይዘው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ይገኛል። የኤርፖርቶች ድርጅት ደግሞ በ2017 ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዶ አንድ ግሩፕ ሆኗል። እንግዲህ ነገ አንድ የግል አየር መንገድ ጅማ ላይ ለማረፍ ቢመጣ የመንገደኛ መመዝገቢያ ጠረጴዛውን፣ የማቆሚያ ቦታውን፣ የማረፊያ ሰዓቱን የሚጠይቀው ተወዳዳሪውን ነው። አውሮፕላኑ በጠዋት ለመነሳት ፈልጎ «ያ ሰዓት ተይዟል» ቢባል አቤቱታውን የሚሰማው ማን ነው? ዳኛውና ተጫዋቹ አንድ ማልያ ለብሰው ሜዳ ከገቡ ተመልካቹ ውጤቱን ማመን ይከብደዋል፤ ጨዋታው በትክክል የተካሄደ ቢሆን እንኳ።

የውሕደቱን ምክንያት እረዳለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ለማስፋት ብድር የሚያገኘው ትርፋማው ድርጅት ነው፤ ትናንሽ ማረፊያዎች ብቻቸውን ወጪያቸውን አይችሉም። ስለዚህ ማረፊያዎቹን መልሶ መነጠል የግድ ነው አልልም። ግን የማረፊያ፣ የማቆሚያና የመስተንግዶ ክፍያዎች ለሁሉም እኩል ሆነው በይፋ ይታተሙ፤ የሰዓት ምደባውም በባለሥልጣኑ ይያዝ። ይህ ሳይደረግ ደንብ ቁጥር 474 የፈቀደው ሽርክና በመጽሐፍ ተጽፎ ይቀራል።

የውጭ አየር መንገዶችና የተያዘ ገንዘብ

ወደ ውጭው በር ስንመለስ፣ ገደብ የሚደረገው በበረራ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በገንዘብም ይደረጋል። የውጭ አየር መንገድ በሀገሩ ገንዘብ ትኬት ሸጦ ገቢውን በዶላር ማውጣት ካልቻለ ፈቃዱ በእጁ ሆኖ ይሄዳል። ናይጄሪያ ይህን ቀምሳዋለች፦ በሰኔ 2023 ያልተላከው ገንዘብ ከ812 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኤምሬትስ በ2022 በረራውን አቁሞ የተመለሰው በጥቅምት 2024 ነው። የዓለም አየር ትራንስፖርት ማኅበር በ2024 አጋማሽ ባወጣው ዝርዝር የኢትዮጵያም ስም በ149 ሚሊዮን ዶላር ሰፍሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መገባደጃ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

ይህ ለጅማ ምኑ ነው? የጅማ ተማሪ፣ ነጋዴ ወይም ልጁን ለመጠየቅ ወደ ውጭ የሚሄድ አባት ከቦሌ የሚነሳው በሚገኘው ምርጫ ነው። የውጭዎቹ ሲቀነሱ የሁሉም ትኬት ይወደዳል። በሌላ በኩል ሰማዩ ያለ ገደብ ቢከፈትላቸው ትርፋማውን መስመር ብቻ መርጠው ይበራሉ፤ የሀገር ውስጡን ጉድለት የሚሸፍነው ገቢም ይሸረሸራል። እኔ የምደግፈው መካከለኛውን ነው፤ ከአፍሪካ ሀገሮች ጋር በያሙሱክሮው መሠረት ሙሉ መከፈት፣ ከአህጉሩ ውጭ ካሉት ጋር ግን የምንሰጠው ከምናገኘው ጋር የተመዛዘነ ስምምነት። ትኬት የሸጡበትን ገንዘብ ደግሞ በወቅቱ መስጠት የግድ ነው። ዕዳ መያዝ የቁጥጥር ዘዴ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

ለማን የትኛው?

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ወይም በባሕር ዳር መካከል ላለው መስመር፣ ተሳፋሪ በብዛት በሚገኝበት፣ የ49 በመቶው ሽርክና ተሞክሮ ውድድር ቢገባበት የሚጎዳ አይመስለኝም፤ የክፍያና የሰዓት ምደባው ጉዳይ ቀድሞ ከተስተካከለ። እጅግ ጥቂት ተሳፋሪ ላላቸው የጠረፍ ከተሞች የመንግሥቱ አየር መንገድ ከነድጎማው ቢቀጥል ይሻላል፤ ሌላ የሚመጣ የለም። ጅማ በሁለቱ መካከል ናት፤ ለእርሷ የሚስማማው እንደ ሕንዱ ኡዳን በጨረታ የሚሰጥ የመስመር ውል ነው። ነባሩ አየር መንገድም ሊጫረት ይችላል፣ ምናልባትም ያሸንፋል። ቢያሸንፍ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ የሚበረው በውል መሆኑ ነው።

ለድጎማው የሚሆነው ገንዘብ ተሳፋሪ ከሚበዛባቸው መስመሮች ላይ ከሚነሳ እያንዳንዱ በረራ ሊሰበሰብ ይችላል። የውጭ አየር መንገዶችንም የሚነካ ክፍያ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቺካጎው ስምምነት አንቀጽ 15 ከውጭ አውሮፕላን የሚጠየቀው የማረፊያ ክፍያ የሀገሩ አውሮፕላን በተመሳሳይ አገልግሎት ከሚከፍለው እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ ክፍያው ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

ውሉ ሲረቀቅ ከጅማ በኩል የሚነሱ ጥያቄዎች ዝርዝር መሆን አለባቸው። ዘመኑ ከአምስት ዓመት አይነስ። በሳምንት የሚደረገው ዝቅተኛ የበረራ ቁጥር ይጻፍ፤ ከመካከላቸውም በጠዋት ሄዶ በማታ የሚያስመልሱ ቀናት ይለዩ፤ ለመምህሩና ለነጋዴው ጥቅሙ ያን ጊዜ ነውና። የአውሮፕላኑ ዝቅተኛ መጠን ይወሰን፤ አለዚያ ቁጥሩን ለማሟላት ባለ ጥቂት መቀመጫ አውሮፕላን ይላካል። በየወሩ ስንት በረራ እንደተሰረዘና ስንት እንደዘገየ ይታተም። ውሉን ለማቋረጥ የሚፈልግ ስድስት ወር አስቀድሞ ያስታውቅ፣ ለዚህም በባንክ የተያዘ ዋስትና ያስቀምጥ። ለተኝቶ ታካሚ የሚሆን ቃሬዛ የሚገባበት አሠራርም በውሉ ይካተት፤ ቃሬዛ የሚይዘው የብዙ መቀመጫ ቦታ ስለሆነ ክፍያውን የሕመምተኛው ቤተሰብ ብቻውን እንዳይሸከመው ከድጎማው የሚሸፈነው ድርሻ በቁጥር ይቀመጥ።